ስኳድራው የሚሰቀልበት ሚስማር

ምንያህል ሦስተኛውን እግር ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ በመዳፉ ዳሰሰና እጁን አቆመ። እንጨቱ ላይ የእሱ ያልሆነ ነገር አለ።

የጠረጴዛ እግር ነው። ወይዘሮ ሐዳሳ መሃል ከተማ ላለው የእንግዳ ማረፊያቸው ያዘዙት የስምንት ሰው ጠረጴዛ ሲሆን፣ ዛሬ አስር ሰዓት ላይ መጥተው ይወስዱታል። አራቱንም እግሮች የላገው ራሱ ምንያህል ነው፤ ያውም በእጅ መላጊያ። በእጅ የተላገ እንጨት መላጊያው በሄደበት አቅጣጫ ወጥ ሆኖ ይለሰልሳል። ይሄኛው ግን ጣት ስር የሚቆጠር ጥቃቅን ሞገድ አለው፤ የቆርቆሮ ጣሪያን ማሳነስ ቢቻል እንዲህ ይሆን ነበር። ይህን ዓይነት ፊት የሚተወው ማሽን ብቻ ነው፤ ማሽኑ ደግሞ የዋሲሁን ነው።

አንደኛውን ዳሰሰ፤ ያው ሞገድ። ሁለተኛውም ያው። ትናንት የጨረሰው አራተኛው ብቻ የእሱ እጅ ሥራ ሆኖ ተገኘ። አራቱን ጎን ለጎን አስተኝቶ አውራ ጣቱን ቢያሳልፍባቸው፣ ሦስቱ ከአራተኛው በጥቂቱ ቀጥነዋል።

«ዋሲሁን!»

«አቤት ጋሼ!» ከወዲያ በኩል ይሰማ የነበረው የብርጭቆ ወረቀት ድምፅ ቆመ።

«እነዚህን እግሮች ማሽን ላይ ማን አወጣቸው?»

ወደ ታቦር ተራራ ሽቅብ የሚወጣ አንድ ባጃጅ እያቃሰተ በደጃፉ አለፈ። ምንያህል እስኪያልፍ ጠበቀው። ያ ማሽን ሲነሳ ሰፈሩን ያደነቁራል፤ እሱ እያለ በድብቅ ሊሠራ አይችልም። እሱ የማይኖርበት ሰዓት ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

«ሐሙስ ነዋ! ጸሎት ስሄድልህ።»

«አዎ ጋሼ።»

«ስንት ሐሙስ?»

«አምስት።»

አምስት! በአምስት ሳምንት ውስጥ ሁለት በር፣ አንድ የወጥ ቤት ቁም ሣጥንና የልጆች አልጋ ሠርቷል። ሁሉም በእጄ ያማሩ ናቸው ብሎ ደረቱን ነፍቶ ነበር የሸኛቸው።

የዓይን ግፊት ይሉት በሽታ ብርሃኑን ከወሰደበት ስድስት ዓመት ሆኖታል። ያኔ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ የሥራ ቤቱን አከራይተህ ተቀመጥ ብሎ መክሮት ነበር። እሱ ግን ግማሹን ቤት መጋዝ አያያዝ ላስተማረው ለዋሲሁን ሰጠና በቀረው ግማሽ ሙያውን እንደ ጀማሪ ከሀ ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት ጣቱን ጎዳ፣ እንጨት አበላሸ፣ አለቀሰም። በሁለተኛው ዓመት ከዋንዛ እንጨት ለራሱ ስኳድራ፣ ማለትም የማዕዘን መለኪያ፣ ሠራ፤ ወፍራም እጀታና ቀጭን ክንድ ያለው። ስኳድራውን በእንጨቱ ማዕዘን ላይ አስጠግቶ በሁለቱ መሃል የጋዜጣ ቁራጭ ለማስገባት ይሞክራል። ወረቀቱ ከገባ እንጨቱ ጠማማ ነው፤ አልገባም ካለ ልክ ነው። ዓይኑ እንግዲህ ይሄ ሆነ።

ስኳድራው የሚሰቀለው ከእሱ መሥሪያ ጠረጴዛ በላይ ባለ ሚስማር ላይ ሲሆን፣ ሰው እንዲነካው አይፈቀድም። አንድ ጊዜ ዋሲሁን ተውሶት ሲመልስ ገልብጦ ሰቀለውና ምንያህል የጮኸው ጩኸት፣ ጎረቤት ሻይ የምትሸጠውን ገበያነሽን ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች አስሮጧታል።

«አዘንክልኝ ማለት ነው» አለ ምንያህል። ድምፁን ዝቅ ማድረጉ ለራሱም ገረመው። «ሽማግሌው እንጨት ይዞ ይጫወት፣ እኔ ኋላ አስተካክልለታለሁ አልክ።»

«በእግዚአብሔር፣ እንደሱ አይደለም ጋሼ!»

«ታዲያ ምንድነው?»

«ማዕዘናቸው ልክ አልነበረም። ልገጥማቸው ስል ክፍተት ያሳያሉ።»

ምንያህልን መቶ ሰው ዕውር ብሎ ቢሰድበው ይህን ያህል አይሰማውም ነበር። ስኳድራውን ከሚስማሩ አወረደና አራተኛውን እግር ለካ። የጋዜጣውን ቁራጭ ከላይ ሞከረ፣ ከመሃል ሞከረ፣ ከታች ሞከረ። በየትም አልገባም።

«ና፣ ራስህ ሞክረው። ልክ ነው!»

ዋሲሁን መጣ፤ አጠገቡ ቆሞ ሲተነፍስ ይሰማል። ወረቀቱን ግን አልተቀበለውም።

«ጋሼ… ስኳድራው ነው።»

«ምን ሆነ ስኳድራው?»

«ወድቆብኝ ነበር። ከፋሲካ በኋላ፣ እርስዎ ጸሎት ሄደው። የራሴ የብረቱ ስኳድራ የት እንዳኖርኩት ጠፋኝና ይሄን አነሳሁት። ከእጄ አመለጠና መጋጠሚያው ለቀቀ። በኮላ መልሼ አጣበቅኩት፤ ልክ የመጣ መስሎኝ ነበር። ሥራዎ መንጋደድ ሲጀምር ነው የገባኝ።»

«ታዲያ አትናገርም ነበር?»

«ፈራኋ! አንዴ ገልብጬ ስለሰቀልኩት እንኳ እንዴት እንደጮኹብኝ ያውቃሉ። ሰብሬዋለሁ ብዬ እንዴት አፌን እከፍታለሁ? በማሽን እያስተካከልኩ፣ ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ስል አምስት ሳምንት ሞላ።»

ምንያህል ሊጮህ አፉን ከፍቶ ነበር። ንዴቱ ግን ብቻውን አልመጣም፤ ከሥሩ ደስታ ነበረበት። እጁ አልከዳውም። አምስት ሳምንት ሙሉ ስኳድራው ያለውን አንድም ሳያዛንፍ ሠርቷል፤ ጠማማው ስኳድራው ነው። ሳያስበው ሳቀ። ዋሲሁን የባሰ ፈራ።

«ሂድ፣ ከገበያነሽ የፈላ ውሃ አምጣ።»

ገበያነሽ ውሃውን ይዛ ራሷ መጣች። «ደግሞ ምን ፈረሰ?» አለች ከደጃፉ።

«የሰው ድፍረት!» አላት ምንያህል።

ኮላውን በፈላው ውሃ አላልቶ መጋጠሚያውን ፈታ። መልሶ ገጠመና ጠርዙ በተስተካከለ ጣውላ ላይ ስኳድራውን አስደግፎ በቢላ ጫፍ አንድ መስመር ጫረ። ስኳድራውን ገልብጦ ከዚያው ነጥብ ሌላ መስመር ጫረ። በጥፍሩ ተከተላቸው፤ ሁለቱ መስመሮች እየተራራቁ ሄዱ፤ ገና ጠማማ ነው ማለት ነው። የስኳድራውን ክንድ ጥቂት ገፋ አደረገና እንደገና ጫረ። በስድስተኛው ሙከራ ጥፍሩ ከአንድ መስመር በቀር አላገኘም። በሁለት ቀጫጭን ሚስማሮች ቆልፎ አስቀረው።

«አዲስ የብረት ስኳድራ ልግዛልዎት ጋሼ። ቢወድቅም አይለቅም።»

«ብረት ለጣቴ ይቀዘቅዘኛል። ይልቅ አራተኛውን እግር ሞርሳው ላይ አጥብቅልኝ።»

ዕለቱ ሐሙስ ነበርና ጸሎቱ አመለጠው። አራተኛውን እግር እየላገ፣ እየለካ፣ ወረቀት እየሞከረ ከሦስቱ ጋር አስተካከለው። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ዋሲሁን እግሮቹን ገጠማቸው። አንድም ክፍተት አልታየም።

ወይዘሮ ሐዳሳ ልክ በሰዓታቸው ደረሱ። በአራቱም ማዕዘን እየዞሩ ክንዳቸውን ተጫኑበት፤ ጠረጴዛው ነቅነቅ አላለም።

«ይሄን ሁሉ እርስዎ ነዎት የሠሩት?» ሲሉ ጠየቁት።



«አንዱ እግር የእኔ ብቻ ነው» አለ ምንያህል። «ሌላው የሁለታችን ነው።»

ሴትየዋ ጨዋታ መስሏቸው ሳቁ። ጠረጴዛው ተጭኖ መኪናው ሲርቅ ምንያህል መዶሻ አነሳ። በመዶሻው ጥፍር አሮጌውን ሚስማር ከግድግዳው ነቀለና፣ ግድግዳውን በእጁ እየተከተለ፣ በስንዝር እየለካ ሄደ። በሁለቱ የመሥሪያ ጠረጴዛዎች መሃል ሲደርስ ቆመ። ሚስማሩን እዚያ መታው፤ ስኳድራውን ሰቀለበት።

«እንዴ ጋሼ፣ እዚያማ እኔም እደርስበታለሁ» አለ ዋሲሁን።

«ድረስበት። ሲወድቅብህ ግን በዚያው ቀን ትነግረኛለህ።»

«እሺ ጋሼ። ቢጮኹብኝም እነግርዎታለሁ።»

«መጮሄ አይቀርም» አለ ምንያህል። ከኪሱ የጋዜጣውን ቁራጭ አወጣ፤ ለሁለት ቀደደና ግማሹን ዘረጋለት።