የጃንጥላው ሰንጠረዥ ታማኝ ተጠቃሚ

በመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ማሽኑን የምትጠብቀውን ሴት ሁሉም "እትዬ ሜሞሪ" ይሏታል። ማሽኑ የመረጃ ሰንጠረዦቹን በሙሉ ሜሞሪው፣ ማለትም ፈጣን ማስታወሻው ላይ ተሸክሞ ነው የሚውለው፤ ጥያቄው ከአፍ ሳይወጣ የሚመልሰውም ለዚሁ ነው። ሰሞኑን ግን ከልክ በላይ ተጭኖበት መተንፈስ አቅቶታል።

"ቦታ አስለቅቂና እረፍትሽን ውጪ፣" አላት አለቃው። እናቷን ካየች ዓመታት አልፈዋልና ደስታዋን አልቻለችውም።

ሕጉ ቀላል ነው፤ ወር ሙሉ ማንም ያልከፈተው ሰንጠረዥ ከሜሞሪ ይወጣል። ግን እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ከየት ይምጣ! ድሮ በለቀቁት ሕንፃ ለሠራተኛ የታደሉት ጃንጥላዎች ሰንጠረዥ እንኳ በየማለዳው ይከፈታል። የሒሳብ ሹሟን ብትጠይቃት፣ "እኔ አላውቀውም። ግን በየቀኑ የሚታይ ነገር ይነካል እንዴ? ወይ ድፍረት!" ብላ ተቆጣቻት። የገበያ ክፍሉማ ጭራሽ የጃንጥላ ኮሚቴ አቋቋመ።

እትዬ ሜሞሪ በንዴት ከፋቹ ማን እንደሆነ ስታጣራ፣ የራሷ ስም ፊቷ ድቅን አለ። በየማለዳው "የሚጠቀምብህ አለ ወይ?" እያለች እያንዳንዱን ሰንጠረዥ ከፍታ የምታየው እሷው ናት፤ ማሽኑም "ተከፈተ" ብሎ ይመዘግባል። ስንት ዓመት ሙሉ! በሳቅና በእፍረት መካከል ሆና ከእሷ ሌላ ማንም የማይከፍታቸውን አንድ በአንድ አወጣቻቸው። የማለዳ ፍተሻዋንም አቆመች። ማሽኑ እፎይ አለ።

በማግስቱ አለቃው ፊቱ አመድ መስሎ መጣ።

"ጉድ ሆነናል! የሰንጠረዦቹ ተጠቃሚ ቁጥር ድራሹ ጠፋ። በየማለዳው የምትመጣ አንዲት ታማኝ ሴት ነበረችን አሉ፤ ለቦርዱ ሁሉ አውርቼላታለሁ። እሷ እስክትመለስ እረፍት የሚባል ነገር የለም!"

እትዬ ሜሞሪ እውነቱን ልትነግረው አፏን ከፈተችና ተወችው።

"ጌታዬ፣ ሴትዮዋን አውቃታለሁ። አልተቀየመችም። እናቷን ልታይ ልትሄድ ነው፤ ከዚያ ትመለሳለች።"

"በዚህ ሰዓት? ማን ፈቀደላት?"

"እርስዎ ነዎታ፣" አለችና የፈቃድ ወረቀቱን ከነእስክሪብቶው አቀረበችለት። "እዚች ጋ ይፈርሙላት።"

አለቃው ወረቀቱ ላይ የማን ስም እንዳለ እንኳ ሳያይ ፈረመ።

"ቶሎ እንድትመለስ አደራ በያት፣" አላት።