በሰው ደም ውስጥ

ኮሪያ ውስጥ ዴጆን ከተማ ካለው ላቦራቶሪያችን ፊት ለፊት፣ ደንበኛው ጠረጴዛው ላይ በፍም እየጠበሰ የሚበላበት አንድ ሥጋ ቤት አለ። በብርድ ወራት መስታወቱ በእንፋሎት ይሸፈንና ውስጥ ያሉት ሰዎች ጥላ ብቻ ይሆናሉ። ሥራ እንደጀመርኩ ሰሞን ገብቼ ነበር።

«ስንት ናችሁ?» አለችኝ የቤቱ ባለቤት።

«ብቻዬን ነኝ።»

«ውይ ልጄ! ለአንድ ሰው ፍም አላነድም። ጓደኛ ይዘህ ና።»

ከዚያ ወዲህ ምሳዬም እራቴም የሱቅ ኪምባፕ፣ በባሕር አረም የተጠቀለለ ሩዝ ሆነ፤ መስኮት ዳር ቆሜ እየበላሁ ጥላዎቹን አያለሁ።

ሥራዬ ደም መጠበቅ ነው። የካንሰር ሴልን ፈልጎ የሚያገኝ ፀረ እንግዳ አካል አለ፤ ሴሉን የሚገድል መርዝ አለ። ሁለቱን የምታያይዘውን ትንሽ ሰንሰለት የሚሠሩት ዶክተር ታክ ናቸው። ሰንሰለቷ ደም ውስጥ ስትጓዝ ጥብቅ፣ ሴሉ ውስጥ ስትገባ ብጥስ ማለት አለባት። መንገድ ላይ ከተበጠሰች መርዙ ጤነኛውን አካል ይፈጃል። እኔ ደም ውስጥ ጨምሬያት መያዝ አለመያዟን አያለሁ። መያዝ ባለበት ጊዜ መያዝ፣ መልቀቅ ባለበት ጊዜ መልቀቅ። ከሰው መሃል ማን ያውቅበታል እያልኩ ሳስብ ቀኑ ይመሻል።

የምሠራው በአይጥ ደም ስለሆነ ስሜ ሱግየም መሆኑ ቀርቶ «አይጤ» ሆኗል። ስሙን ያወጡልኝ አለቃችን ባንግ ናቸው።

አንድ ሰኞ ስብሰባ ላይ ባንግ የአይጡን ደም ውጤት አይተው እጃቸውን አጨበጨቡ። «ተበጠሰች! አበቃ። ሌላ እንሥራ።»

ዶክተር ታክ ፀጉራቸው የሸበተው በዚህች ሰንሰለት ላይ ነው። «አይጥ ደም ውስጥ የሚገኝ፣ በእኛ ደም ውስጥ የሌለ ኢንዛይም አለ» አሉ። «የቆረጣት እሱ ነው። ለመሆኑ የምናክመው አይጥ ነው እንዴ?»

«የሰው ደም የታለ ታዲያ? ከደም ባንክ እስኪፈቀድልን በጋ ይገባል። እስከሚመጣው ሰኞ ካላሳዩኝ እዘጋዋለሁ።»

ዶክተር ታክ የውጤቱን ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«የእኔ ደምስ?» አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። «አይጤ!» አሉ ባንግ፤ «ያንተማ ያው የአይጥ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ዶክተር ታክ ግን አልሳቁም። «ቁርስ በልተሃል?» አሉኝ።

ምድር ቤት ክሊኒክ ያለችው ሲስተር ፈቃዴን ጠይቃ እጅጌዬን ሰበሰበችና ክንዴን መታ መታ አደረገችው።

«ይሄ ደም ሥር ምን ሆኖ ነው የሚደበቀው? ዓይን አፋር ነው፣ እንደ ባለቤቱ!»

ጣቶቿ ይሞቃሉ። ሰው ከነካኝ ምን ያህል ጊዜ ሆነኝ እያልኩ ሳስብ መርፌው መግባቱንም አላወቅሁ። «ጨርሰናል» ስትለኝ፣ «ትንሽ አልጨምርልሽም?» አልኳት።

«ምን ነካህ አንተ! ሂድ ጭማቂ ጠጣ።»

ደሙን አሽከርክሬ ከላይ የጠለለውን ቢጫ ፈሳሽ ቀዳሁ፤ ሰንሰለቷን ከነተሸከመችው መርዝ ጨመርኩበት፤ የአይጡንም ደም እንዲሁ አደረግሁ። አንዱ ብልቃጥ ላይ «አይጥ»፣ ሌላው ላይ «ሰው» ብዬ ጻፍኩና የሰውነት ሙቀት ያለው ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ትንሽ እየቀዳሁ ያመለጠውን መርዝ ለሚለካው ማሽን ሰጠሁ።

ሰኞ ዶክተር ታክ ከኋላዬ ቆሙ። ትንፋሻቸው ይሰማኛል። የአይጡ መስመር መጣ፤ ያመለጠው መርዝ እንደ ተራራ ሽቅብ ወጥቷል። ከዚያ የሰው መጣ። እንደ ሜዳ ጠፍጣፋ ነው።

«ይዛለች» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ጮኹ፦ «አልለቀቀችም! ይዛለች!»

ወረቀቱን ነጥቀው ሮጡ። ከኮሪደሩ ማዶ የባንግ ድምፅ ተሰማኝ፦ «እሺ፣ እሺ፣ ይቀጥል አልኩ እኮ!» ሳቅ ተከተለ፤ በሩ ተዘጋ። የሚጠራኝ ካለ ብዬ ትንሽ ጠበቅሁ።

ማሽኑ ላይ ከጠፍጣፋው መስመር ሥር «ሰው» ይላል። ረጅም ጊዜ አየሁት።

ምሳ ሰዓት ላይ ሥጋ ቤቱ ገባሁ።

«ስንት ናችሁ?»

«አንድ ሰው።»

«ለአንድ አላነድም ብዬህ የለ?»

«የሁለት ሰው አምጪልኝ እትዬ። እበላዋለሁ።»

እጅጌዬን ስሰበስብ ሳምንቱን ሙሉ ከክንዴ ላይ ያላነሳሁትን ፋሻ አየች። ፍሙን አመጣች። ከልማድ የተነሳ ሁለት ማንኪያ አስቀመጠች፣ አንዱን በእኔ በኩል፣ አንዱን ማዶ። አንሺው አላልኳትም።