በስልክ የሚፈታ ጫማ

ሌንጮ ጫማውን ለኤሱማው፣ ለእናቱ ወንድም ለኦቦ ጂሩ፣ ለሽምግልና ሲሄዱ እንዲያደርጉት ያዋሰው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ የሰውየው እግር ሪህ ስላለበት የቆዳ ጫማ አልችል ብሏል። ሁለተኛውን ለማንም አልተናገረም፤ "ስንት እግር ቢኖረው ነው ይህን ሁሉ ስኒከር የሚሰበስበው?" እያሉ የሚያሙት የፍቅረኛው የኬኔ አባት ኦቦ ዋጋሪ አንዴ በዓይናቸው እንዲያዩለት ፈልጎ ነው።

ጫማው ነጭ ነው፤ ክር የለውም። እግር ሲገባበት ውስጡ ያለች ሞተር ዝዝዝ ብላ ታጠብቀዋለች። የሚፈታው ደግሞ በሌንጮ ስልክ ነው። ሌንጮ ዱባይ በምትመላለስ ነጋዴ አስመጥቶት፣ የነቀምቴ ጭቃ እንዳይነካው ሳጥኑ ውስጥ ቆልፎበት ነበር። "እኔንም አግብተህ ሳጥን ውስጥ ልታስቀምጠኝ ነው?" ትለዋለች ኬኔ።

ኬኔን እንዲጠይቁለት የላካቸው ሽማግሌዎች ባለፈው ሲሄዱ "እንመካከርበት" ተብለዋል። ዛሬ የመጨረሻው ነው፤ እምቢ ከተባሉ ኬኔን መርሳት ነው። ሌንጮ፣ ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይታይምና፣ ጨለለቂ ሰፈር ከሚገኘው ከእነኬኔ አጥር ጀርባ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ በቆርቆሮው ቀዳዳ ያያል።

ሳሎኑ አዲስ ምንጣፍ ተነጥፎበታል። ሦስቱም ሽማግሌዎች ጫማ ሊያወልቁ በረንዳው ሥር ጎንበስ አሉ። ኦቦ ጂሩ ጎተቱ። ደግመው ጎተቱ። ከዚያ ቀና አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸውና መልስ ማጣት አልለመዱም።

"እኔ እዚሁ እቆማለሁ" አሉ።

አጠገባቸው የነበሩት ኦቦ ተረፋ አንድ ጫማቸውን አውልቀው ነበር። መልሰው አጠለቁት። "ልጅቱ ካልተሰጠችን አንገባም!" ብለው ጨመሩበት።

ሽማግሌ አልቀመጥም ብሎ ሲቆም፣ ወለጋ ውስጥ ጫማው አልወልቅ ብሎት ይሆናል ብሎ የሚጠረጥር ሰው የለም።

"ማሎ፣ ግቡ እንጂ!" ብለው ለመኑ ኦቦ ዋጋሪ። ማንም አልተነቃነቀም። ዝናቡ ጀመረ። ሌንጮ ስልኩን አወጣ፤ ጫማውን ቢፈታው ሽማግሌዎቹ ገብተው ይቀመጣሉ፣ ኦቦ ዋጋሪም ተዝናንተው እምቢ ይላሉ። የኤሱማው እግር እያበጠ እንደሆነ ያውቃል። በራሱ አፈረ፤ ስልኩን ግን አልነካውም።

ኦቦ ዋጋሪ በዝናብ የሚበሰብሱትን ሽማግሌዎች ብዙ አዩዋቸው። "እንዲህ ከጨከናችሁማ ሰጥቻለሁ። ግቡ!"

ከውስጥ እልልታው ቀለጠ። ሌንጮ በደስታ ስልኩ ላይ መፍቻውን ተጫነ። ስልኩ መጀመሪያ የመተግበሪያውን አዲስ ስሪት ከኢንተርኔት እንዲያወርድ ጠየቀው። ኔትዎርክ አልነበረም።

"ያ ዋቃዮ!" አሉ ኦቦ ጂሩ ግድግዳውን ተደግፈው። "ኦቦ ዋጋሪ፣ በውሸት ቤትዎ አልገባም። እኔ የቆምኩት ጫማው አልወልቅ ብሎኝ ነው።"

እልልታው መሀል ላይ ቆመ።

"የማን ጫማ ነው?" አሉ ኦቦ ዋጋሪ።

"የልጁ።"

ሌንጮ ወግ ማዕረጉን ትቶ የግቢውን በር በርግዶ ገባ። ጫማው በስልክ እንደሚፈታ፣ ስልኩም ኢንተርኔት እንደሚፈልግ አስረዳ። ኤሱማው ከንፈራቸው ነጥቷል። "ቢላዋ ስጡኝ" አለ። ኬኔ አምጥታ ሰጠችውና ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ነጩን ጫማ ከአፉ እስከ ጣቱ ተረተረው። ሲጀምር ቢላዋውን አንዴ መለስ አደረገ። ያበጠውን እግር ሲያይ ግን ጫማው ከልቡ ጠፋ። እግሩን በሁለት እጁ አቅፎ "ኤሱማ፣ ይቅር በሉኝ። ከአጥሩ ጀርባ ሆኜ እያየሁ ነው ያስቆምኩዎት" አለ።

ኦቦ ዋጋሪ የተተረተረውን ጫማና ያበጠውን እግር አዩ።

"ግቡ" አሉ በመጨረሻ። "እሱም ይግባ።"

ሌንጮ የራሱን ጫማ በር ላይ አወለቀ። ገንዘቡን ሁሉ ለጫማ ያወጣ ሰው ነውና ካልሲው ተቀዶ ሁለት ጣቶቹ ወጥተዋል። ቤቱ በሙሉ ጣቶቹን አየ። ኦቦ ዋጋሪም አዩ።

"ኬኔ፣ ከእኔ ካልሲ አምጪለት" አሉ። "አማቼ እንዲህ ሆኖ ሽማግሌ ፊት አይቀመጥም።"