የእኔ «የስ»

ሚስተር ሆሊስን አላህ ዕድሜ ይስጠው እላለሁ። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ ሰልዋ ይህን ስትሰማ ትስቃለች። «ማሚ፣ ሰውዬው እኮ አፓርትመንቱን ያስቀረ ነው» ትለኛለች። ያስቀር። እኔ የማመሰግነው በሌላ ነው።

የምኖረው ክላርክስተን የምትባል ትንሽ ከተማ ነው። መኪና የለኝም፤ ፈተናውን ሁለቴ ወድቄ ተውኩት። ዳውንታውን አንድ ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት አንሶላ ሳጣጥፍ የኖርኩት በአንድ አውቶቡስ እየተመላለስኩ ነው። ፌርማታው ከእኛ ግቢ ወጣ ብሎ፣ የራሳቸው ቤት ያላቸው ሰዎች ሣር የሚያጭዱበት ሰፈር ውስጥ፣ ሚስተር ሆሊስ ከሚባል ሽማግሌ ቤት ፊት ለፊት ነው። እሱ ጠዋት ጋዜጣውን ሊያነሳ ሲወጣ እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ። «ሞርኒንግ» ይላል፣ «ሞርኒንግ» እላለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረንም።

በፈረንጆቹ 2001 ማርች ላይ ፌርማታው ምሰሶ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ሰልዋ አነበበችልኝ። ከፌርማታው ጀርባ ባለው ባዶ መሬት ላይ ባለ አራት ፎቅ አፓርትመንት ሊሠራ ታስቧል። አውቶቡሱ ደግሞ ሰው ስለማይበዛበት ሊቀር ይችላል። ስለ ሁለቱም ስብሰባ አለ።

«አውቶቡሱ ከቀረስ?» አልኳት።

«ሥራ ትቀይሪያለሻ።»

«ከአንሶላ ሌላ ምን አውቄ?»

የስብሰባውን ቀን እጇ ላይ ጻፈች።

ስብሰባው ታከር የሚባለው ጎረቤት ሰፈር ነበር። አዳራሹን የሞሉት የፌርማታው ሰፈር ባለ ቤቶች ናቸው። የሚነሳው ሁሉ «ዴንሲቲ፣ ዴንሲቲ» ይላል። ምን ማለት ነው ብላት ሰልዋ፣ «መጨናነቅ። ሰው አንድ ቦታ ላይ ሲበዛ» አለችኝ።

ይሄ ነው እንዲህ የሚያስፈራቸው? ደሴ ልጅ ሆነን የእኛና የጎረቤት ግድግዳ አንድ ነበር። ወዲያ ማዶ ሰው ሲያስነጥሰው «ይርሐሙከላህ» የምንለው ከመኝታችን ሳንነሳ ነው። ማንም አልሞተበትም።

ሚስተር ሆሊስም ተነሳና ተናገረ። «አራት ፎቅ መስኮት ግቢዬን እያየብኝ አልኖርም» አለ። ተጨበጨበለት። የዘጠኝ ዓመት ሞርኒንጌ አንገበገበኝ።

ተራዬ ሲደርስ ሰልዋ እጄን ያዘች። «እኔ ልናገርልሽ፣ ፕሊስ።»

«ሥራው የኔ፣ አፉም የኔ» ብያት ሄድኩ።

እንግሊዝኛዬ የላውንድሪ እንግሊዝኛ ነው። ቢሆንም ነዚፋ እባላለሁ ብዬ፣ ሥራዬን፣ ዘጠኝ ዓመቴን፣ አውቶቡሱን ተናገርኩ። ሰብሳቢዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ በደግ ድምፅ ጠየቀችኝ።

«መኪና የለዎትም?»

«የስ» አልኩ።

«ሌላ የሚያደርስዎትም ሰው የለም?»

«የስ፣ የስ።»

«እንግዲያው አማራጭ አለዎት» ብላ ጻፈችና አመሰገነችኝ። ጥሩ ተናገርኩ ብዬ ወደ ቦታዬ ስመለስ ሰልዋ ፊቷን በእጇ ሸፍናለች።

«ማሚ፣ መኪና አለኝ ነው እኮ ያልሽው።»

«የለዎትም ወይ አለችኝ፣ አዎ የለኝም አልኳት።»

«በእንግሊዝኛ ተገላቢጦሽ ነው። የለሽም ሲሉሽ የስ ካልሽ፣ አለኝ ማለት ነው።»

ዘጠኝ ዓመቴ በአንድ ቃል ሊሄድ ነው። ተመልሼ ማይኩ ጋ ቆምኩ። አስተናባሪው ሁለት ደቂቃሽ አልቋል ብሎ ሰዓቱን አሳየኝ። ሰዓቱን አየሁለት፣ ግን አልተነቃነቅኩም። እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፍቶብኛል፤ ብቻ ቆምኩ።

ከኋላ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። «መኪና የላትም» አለ አንድ ሰው። ዞር ስል ሚስተር ሆሊስ ነው።

«አለኝ ብለዋል እኮ» አለችው ሰብሳቢዋ።

«ያለችውን ሰምቻለሁ። እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት በመስኮቴ አይቻታለሁ። መንገዱ በረዶ የሆነ ቀን እኔ ከደጄ አልወጣሁም፣ እሷ እዚያው ቆማ ነበር። መኪና ያለው ሰው እንዲያ አይቆምም። አፓርትመንቱን አሁንም አልፈልገውም። የሴትዮዋ መልስ ግን ይስተካከል።»

ሰልዋ መጥታ በጆሮዬ ተረጎመችልኝ። ሰብሳቢዋ የጻፈችውን ስትሰርዝ በዓይኔ ካየሁ በኋላ ተቀመጥኩ።

አፓርትመንቱ ተከለከለ። አውቶቡሱ በሰዓት አንዴ ብቻ ቢሆንም አልቀረም፤ አልሀምዱሊላህ። በሚስተር ሆሊስ ንግግር ይሁን በሌላ አላውቅም። እኔ ሥራዬ ላይ አለሁ። ስለ አፓርትመንቱ ግን ተሳስቷል፣ በስብሰባው ማግስት ፌርማታው ላይ ነግሬዋለሁም። «ኖ ፒፕል፣ ኖ ባስ» ስለው ራሱን እያከከ «ሜይቢ» አለኝ። ከሞርኒንግ ያለፈ የመጀመሪያ ወሬያችን ይኸው ነው።

ከስብሰባው ሁለት ሳምንት በኋላ ጠዋት ዝናብ ያዘኝ። ሚስተር ሆሊስ ጋዜጣውን ሊያነሳ ወጣ።

«ጃንጥላ የለሽም?»

«የስ» አልኩ። አፌ አይማርም።

ቆም ብሎ አየኝ። ከዚያ ጋዜጣውን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ወደ ቤቱ ገባ። የተናደደ መስሎኝ ነበር፤ ጥቁር ጃንጥላ ይዞ ተመለሰ።

በማግስቱ ልመልስለት ብዘረጋለት አልተቀበለኝም።

«ሌላ ጃንጥላ የለሽም?»

አሰብኩበት። «የስ» አልኩት።

«ያዢው» አለኝ።