ግማሹ አምበሪቾ

ትርፊት ከሰዓት በኋላ እጮኛዋ ሊሆን የነበረውን ሰውዬ አምበሪቾ ተራራ ወገብ ላይ፣ ወደ ጫፍ በሚያወጣው ደረጃ ላይ እንደተቀመጠ ጥላው ብቻዋን ጫፍ ወጣች። ስትመለስ ውሃ ሲሸጥ አገኘችው። አዎ፣ ውሃ። የታሸገውን። «ከዚህ በላይ ውሃ የለም፣ አስቡበት» እያለ።

አላስቻለኝም፣ ዋናውን ቀድሜ አወጣሁት። እሺ፣ አሁን ከመጀመሪያው።

ሕዝቅኤል ከሆሳዕና አቅራቢያ የሆመቾ ልጅ ነው፣ ደቡብ አፍሪካ የኖረ። ይሄ ብቻውን ምንም አይገርምም፣ ሆሳዕና ውስጥ ደቡብ አፍሪካ ሰው የሌለው ቤት ፈልጉ ብትባሉ እግራችሁ ይቀጥናል። ሲመለሱ ደግሞ ሁሉም አንድ ናቸው። አንገታቸው ላይ ወርቅ፣ አፋቸው ውስጥ ማስቲካ፣ በየሁለት ቃሉ «እኛ ጋ እኮ»። እኛ ጋ ማለት እዚያ ነው። የተወለዱበት አገር አንድ ቀን እንኳን እኛ ጋ ሆኖ አያውቅም።

ሕዝቅኤል ግን ለየት ያለ ነበር። ማለት ይመስል ነበር። ሌሎቹ የሰው መኪና ተደግፈው ፎቶ ሲልኩ እሱ ከሳይክል ጋር ነበር የሚነሳው፣ ኬፕታውን፣ ከኋላው ተራራ፣ ከተራራው ስር ደግሞ ያ ሁሉ ባሕር። «ዛሬ ይቺን ወጣኋት፣ ግማሹን በሳይክል ግማሹን በእግር» ብሎ ይጽፍላታል። ትርፊት የስፖርት አስተማሪ ናት። ትምህርት ቤት የምትሄደው በሳይክል ነው። ሰፈሩ ሁሉ በረንዳ ላይ ቆሞ «ይቺን ደግሞ ማን ያገባታል» እያለ ሲያያት ነው የኖረችው። እና እስቲ አስቡት፣ ባሕር አጠገብ ያለ ተራራ በሳይክል የሚወጣ ወንድ፣ ያውም የሆመቾ ልጅ፣ በየማታው ሲጽፍላት። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀለጠች። ሌላ ቃል የለኝም።

ከዚያ መጣ፣ ሽማግሌም ላከ። አባቷ አቶ ባፈና እንደ ወጉ «ልጅቷን ላማክራት፣ የዛሬ ሳምንት ተመለሱ» ብለው ሸኟቸው። ትርፊት ሳታቅማማ መልሷን ሰጠች።

«መጀመሪያ አምበሪቾን አብሬው ልውጣ፣ ከዚያ እነግርሃለሁ።»

«ተራራ ነው የምታገቢው?» አሉ አባቷ።

«ሰውየውን ተራራ ላይ ልየው ብዬ ነው፣ አባባ።»

አቶ ባፈና ሲሚንቶና ቆርቆሮ ነጋዴ ናቸው። እቃ ሳያይ የሚገዛን ሰው ስለማይወዱ እሺ አሉ።

እና ቅዳሜ ጠዋት ሳይክሎቹ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስረው አምበሪቾ የሚታይባት አንጋጫ ደረሱ። ሕዝቅኤል ሲወርድ ገበያተኛው ሁሉ ሥራውን ትቶ አየው። ጭኑ ላይ የተለጠፈ ቁምጣ፣ ጣት የሌለው ጓንት፣ ግማሽ ፊቱን የሚሸፍን መነጽር፣ እንጉዳይ የመሰለ ሄልሜት። ጀርባው ላይ ደግሞ አንድ ግዙፍ ቦርሳ። ትርፊት ልታግዘው ብላ ብታነሳው ወገቧ ሊቆረጥ።

«ምንድነው ይሄ ሁሉ?»

«ውሃ ነው፣ ማይ ላቭ። ሰው ተራራ ላይ ይጠማዋል።»

ቀና ብሎ አምበሪቾን አየው። ጉሙ ገና ከላዩ አልተነሳም ነበር። ከንፈሩን አጣመመ። «ይሄ ነው? እኛ ጋ እኮ ይሄ ኮረብታ ነው የሚባለው።»

ለትርፊት ግን አያቶቿ ስሙን ሲጠሩ እንኳን ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉለት ተራራ ነው። እና ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ።

ከዚያ ሳይክል ላይ ወጡ። ማለት እሷ ወጣች። እሱ መጀመሪያ ጎማው ንፋስ አንሶታል አለ። ንፋስ ተሞላ። ከዚያ ወንበሩ ከፍ ብሏል አለ። ዝቅ ተደረገ። ከዚያ «ይሄ መንገድ የሳይክል አይደለም፣ እኛ ጋ አስፋልቱ እንደ ጠረጴዛ ነው» ብሎ እየገፋ መሄድ ጀመረ። ቁልቁለቷ ጋ ሲደርሱ አፍሮ ነው መሰለኝ ተቀመጠበት፣ ፍሬን መያዙን ረስቶ በጫማው ሶል አፈሩን እየፈተገ፣ ጉልበቶቹን እንደ ዶሮ ክንፍ ከፍቶ ወረደ። መንገድ ዳር እንሰት የምትፍቅ ሴትዮ ፍቂያዋን አቁማ አየችው። «ይሄ ልጅ ታሟል እንዴ?» አለቻት ትርፊትን፣ ከልቧ አዝና።

ትርፊት ከፊት እየነዳች ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አስታወሰቻቸው። በሁሉም ላይ ቆሟል። ሳይክሉን ይዞ ቆሟል። አንድም ላይ ተቀምጦበት አይታ አታውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስታይ ይሄን አላየችም። እሱን ናቀችው፣ ራሷን ግን ይበልጥ ናቀች።

ደረጃው ስር ሳይክሎቹን ለጥበቃው ሰጥተው በእግር ጀመሩ። ቅዳሜ ስለሆነ ሰው ነበር፣ ከዱራሜም ከሆሳዕናም የመጡ፣ ሲወጡ የሚዘፍኑ፣ ሲወጡ የሚጸልዩ። ሕዝቅኤል የተራራው ወገብ ጋ ሲደርስ ተቀመጠ። እስትንፋሱ እንደ አሮጌ ወፍጮ ነበር። ግን ስልኩን ለማውጣት አልደከመውም። ከጀርባው ቁልቁል ሸለቆው ብቻ እንዲታይ አድርጎ ከፍ አደረገና ፈገግ አለ።

«ብሮዎቼ፣ ጫፍ ላይ ነን። አምበሪቾ ተፈጸመ።»

ትርፊት ወደ ላይ አየች። ጫፉ ገና ያው ነበር፣ ሩቅ፣ ማንንም የማይጠብቅ።

«ጫፉ እዚያ ነው» አለችው።

«ጫፍ ያው ጫፍ ነው። ቪዲዮ ላይ ማን ይለየዋል? ሂጂ አንቺ፣ እዚህ እጠብቅሻለሁ።»

ሄደች። መጀመሪያ በንዴት፣ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች፣ ከዚያ ንዴቱ አለቀና እግሯ ብቻ ቀረ። ላይ ስትደርስ ንፋሱ ነጠላዋን ሊነጥቃት ታገለ። ዱራሜ ከታች እንደተበተነ ቆርቆሮ ያበራል። በአንጋጫ በኩል ደግሞ ጉሙ ተመልሶ መጥቷል፣ ነጭ ሆኖ ሸለቆው ላይ ተኝቷል፣ የኮረብታዎቹ ጫፍ ብቻ ከውስጡ ብቅ ብቅ ብሏል። ባሕር አይታ አታውቅም። እንዲህ ነው ማለት ነው፣ ብላ አሰበች። እና እዚያው እንደቆመች ገባት። ሁለት ዓመት ሙሉ የወደደችው ሰውየውን አልነበረም። ከኋላው ያለውን ነበር።

ስትወርድ «በቃ፣ አላገባህም» የሚለውን አፏ ላይ እያዘጋጀች ነበር። ያኔ ነው ድምፁን የሰማችው።

«ቀዝቃዛ፣ ቀዝቃዛ! ወይዘሮ፣ ወደ ላይ ነሽ ወደ ታች? ወደ ላይ ከሆንሽ ሁለት ያዢ፣ ከዚህ በላይ እኔ የለሁም።»

ሄልሜቱን አውልቆ ሳንቲም መሰብሰቢያ አድርጎታል። መነጽሩ የለም። ቦርሳው ተከፍቷል፣ ጠርሙሶቹ ደረጃው ላይ ተደርድረዋል። አንድ ቦርጫም ሰውዬ ወደቅሁ ወደቅሁ እያለ ሲመጣ ሕዝቅኤል ተነስቶ ክንዱን ያዘው፣ አስቀመጠው፣ «ቀስ ብለህ ጠጣ፣ አንዴ አትጨልጠው፣ ሆድህን ይይዝሃል» አለው። ሰውየው ሳቀ። ደረጃው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ከንፈሩን አያጣምምም፣ እኛ ጋ አይልም። ቀኑን ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው መሰለ።

አንድ ወጣት የመጨረሻዋን ጠርሙስ ጠየቀው። «እሷ አትሸጥም» አለ ሕዝቅኤል። «የሰው ናት።»

ትርፊት ያኔ ነው የሳቀችው። ዞሮ ሲያያት ፊቱ ፈረሰ።

«ለመኑኝ እኮ» አለ። «ጠምቷቸው።»

«ኬፕታውንም ለምነውህ ነበር?» አለችው፣ እጁ ሥራውን እንደለመደ አይታ።

ጠርሙሷን ሰጣትና እግሩን እያየ ተናገረ። «ቱሪስቶቹ ጫፍ ይወጣሉ። እኔ ግማሹ ላይ ውሃ እሸጥ ነበር። ሳይክላችንን ጠብቅልን ይሉኛል፣ ያን ጊዜ ፎቶ እነሳለሁ።»

አሁን እዚህ ጋ እንድትታዘቡኝ አልፈልግም፣ ግን እውነቱ ይሄ ነው፤ ውሃ ሻጩ አላስጠላትም። ጭራሽ ደስ አላት። በዚያ ፀሐይ ያን ሁሉ ውሃ ተሸክሞ በየቀኑ ግማሽ ተራራ የሚወጣ ሰው መሆኑን ከመጀመሪያው ቢነግራት ኖሮ ከቁምጣው ጋር ትወደው ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ጠርሙሷን ጭኗ ላይ ይዛ፣ ሳትከፍታት፣ እስከ ሆሳዕና ስታስብ መጣች። ሆሳዕና ሲገቡ አዘጋጅታው የነበረው «አላገባህም» ለስልሷል። ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ግን ለስልሷል።

ሽማግሌዎቹ ቀጠሯቸው ደርሶ ሳሎን ተቀምጠው ጠበቋቸው። እንደ ወጉ ሙሽራ የሚሆነው ልጅ ሽማግሌ ባለበት አይገባም፣ ሕዝቅኤልም ሳይክሏን በር ላይ አስረክቦ ሊመለስ ነበር። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ጋሽ ዳኘ በመስኮት አይተውት «ይግባ፣ ከውጭ አገር የመጣ ወግ የለውም» አሉና ሳቁ። ገባ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ እግሩን በእግሩ ላይ ጭኖ ተቀመጠ።

ጋሽ ዳኘ ስልካቸውን እንደ ቅርስ በሁለት እጅ ይዘው ለአቶ ባፈና አሳዩ። «ብሮዎቼ፣ ጫፍ ላይ ነን» አለ ስልኩ። ሽማግሌዎቹ በየተራ አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሸለቆውን አድንቀው ጨረሱ።

«ብቻ አንድ የሚያስቅ ነገር» አሉ ጋሽ ዳኘ። «ምራቴ ዛሬ እዚያው ነበረች። ደረጃው ላይ ቁርጥ ሕዝቅኤልን የመሰለ ውሃ ሻጭ አየሁ ብላ ደውላ ሳቀችብኝ።»

ሳሎኑ ሳቀ። አቶ ባፈና ግን አልሳቁም። ትርፊት ሕዝቅኤልን አየችው። አሁን ይበለው፣ አለች በልቧ። እኔ ነኝ ይበል፣ ብቻ ይበል፣ እኔም እሺ እላለሁ።

ሕዝቅኤል ከንፈሩን አጣመመ። ጠዋት ለአምበሪቾ ያጣመመውን ያንኑ ከንፈር።

«ጋሼ፣ እኔን ከውሃ ሻጭ ጋር? ቦዘኔዎች ናቸው እኮ። እኛ ጋ ቢሆን ፖሊስ ነው የሚያባርራቸው።»

ያንን አለ። እሱ ራሱ። ቦዘኔዎች አለ።

አቶ ባፈና ወደ ልጃቸው ዞሩ። ድምፃቸው የተረጋጋ ነበር፣ እቃ ሲመርጡ እንደሚያወሩት። «ትርፊት፣ አንቺ አብረሽው ነበርሽ። ውሃ ሲሸጥ የነበረው ማነው?»

ሕዝቅኤል አያት። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ስለነበር ዓይኑ ሙሉ በሙሉ ታየ፣ ይለምናት ነበር። ትርፊት ጠርሙሷን ከፈተች። ትንሽ ትንሽ እያደረገች ጠጣች፣ አንዴ ከጨለጡት ሆድ ይይዛል። ሽማግሌዎቹ ይጠብቃሉ። አባቷ ይጠብቃሉ። እውነቱን ብትናገር ሰውየው ከሆሳዕና እስከ ሆመቾ መሳቂያ ይሆናል፣ ያውም ባልሰረቀበት፣ በላቡ በሠራበት ነገር። «አላውቅም» ብትል ደግሞ የቦርጫሙን ክንድ ደግፎ ያስቀመጠውን፣ ለሷ ብሎ አንዷን ጠርሙስ ያልሸጠውን ሰው አብራው ትክደዋለች፣ ከዚያ የምታገባው ባለ መነጽሩን ነው።

ጠርሙሷ አለቀች። ክዳኑን መልሳ አጠበቀችው፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ከስልኩ አጠገብ አስቀመጠችው፣ ቀና አለች።

እናንተ ብትሆኑስ፣ ምን ትሉ ነበር?