ባክቴሪያ ያለው እርጎ

ልብስ ሰፊው የእርጎ ሱቁ በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቦ ፊቱን አዞረ። ጠዋት አንድ ብርጭቆ እርጎ ሳይጠጣ መርፌ የማይጨብጥ ሰው፣ ዛሬ ደፉን እንኳ ሳይረግጥ አለፈ።

«ጋሼ፣ እርጎው እኮ ረግቷል» ብላ ተጣራች ልጅቷ። ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይላታል፤ አንዴ ከተከፈተች መዝጊያዋ አይገኝም።

«ራስሽ ጠጪው» አላት ዞር ሳይል።

ባለሱቋ አክስቷ ብርድ ልብስ ተከናንባ እየሳለች ከጓዳ ወጣች። ኢንፍሉዌንዛ ከያዛት ወዲህ ድምጿ ዘይት እንዳጣ በር ሲጢጥ ይላል። ወረቀቱን ስታነብ ግን ሳሏም ደንግጦ ቆመ፦ «በሕይወት ያለ ባክቴሪያ የሞላበት እርጎ እዚህ ይገኛል።»

«ወይ ጉዴ» አለች አክስት። «ሱቄን ከነነፍሱ ቀበርሽው።»

«የጤና ጣቢያዋ ነርስ አይደለች እንዴ ትናንት የነገረችን? የእርጎ ባክቴሪያ ጥሩው ነው፣ አንጀት ውስጥ ሆኖ ሰውነት በሽታ ሲከላከል ያግዛል አላለችም?»

«አንቺ ሰምተሻል። መንገደኛው የት ሰማ? ሰው ባክቴሪያ ሲባል ትዝ የሚለው ተቅማጥ ነው።»

እውነቷን ነው። ይባስ ብሎ የመዋዕለ ሕፃናቱ ምግብ አብሳይ መምጫዋ ደርሷል። ሱቁ የቆመው በእሷ ነው፤ በየሳምንቱ ለልጆቹ ሁለት ባልዲ ትወስዳለች። እሷ ከቀረች በሩን ዘግቶ ቁልፉን ለአከራይ ማስረከብ ነው።

አክስት ወረቀቱን ቀዳ ጣለችው። «አሁን ጻፊ። ጉንፋን የሚያድን እርጎ።»

ሬዲዮ እስክሪብቶውን እንደያዘች የአክስቷን ቀይ አፍንጫ አየች።

«አክስቴ፣ አንቺ በየቀኑ ትጠጪ የለ?»

«እና?»

«እና አንቺን ምነው ዘለለሽ?»

አክስት ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ሳል ቀደማት። ሳሏ ሳይበርድ ምግብ አብሳይዋ ባዶ ባልዲዎቿን እያንቋቋች ገባች።

«ልብስ ሰፊው እርጎዋ ባክቴሪያ አለው ብሎ ሰፈሩን አዳረሰው» አለች። «እውነት ነው?»

ሬዲዮ እስክሪብቶውን ከኋላዋ ደበቀች።

«አለው» አለች አክስት። «ወተቱን እርጎ የሚያደርገው ማን ሆነና? እስከዛሬም የወሰድሽው እሱኑ ነው። ልጆቹ ምን ሆኑ?»

«ምንም።» ምግብ አብሳይዋ ትንሽ አሰበችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጉንፋን ያድናል የሚሉትስ? ግማሾቹ ልጆች እየሳሉ ነው። የሚያድን ከሆነ አራት ባልዲ እወስዳለሁ።»

አራት ባልዲ። ሬዲዮ ምራቋን ዋጠች። አክስትም አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅባት፤ ያውም አጭር ቃል።

«አያድንም» አለች። «እኔን አታዪኝም? ለሆድ ጥሩ ነው፣ ሰውነትንም ያግዛል ይላሉ። የታመመውን ልጅ ግን ሐኪም ይየው። እርጎ ነው የምሸጠው፣ ተአምር አይደለም።»

ምግብ አብሳይዋ ሳቀች። «በይ እንግዲያው ሁለቱን ሙዪልኝ።»

አክስት ጭልፋውን ልታነሳ እጇን ሰደደች። ጭልፋው የእሷ ብቻ ነው፤ ሱቁ ከተከፈተ ጀምሮ ሌላ ሰው ቀድቶበት አያውቅም። ሳሏ እንደገና ሲተናነቃት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሳለች። ከዚያ እጇን መልሳ ብርድ ልብሷ ውስጥ ከተተችው።

«አንቺ ቅጂላት» አለቻት ሬዲዮን። «እኔ ልተኛ። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ስትቀጂም አፍሽን ዝጊ።»

«እጄን እታጠባለሁ» አለች ሬዲዮ።