ከማዶ የሚነበብ ቁጥር

«ጮክ ብለህ ተናገር፤ የሞተው እሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አለችው ባለ ሐዘኗ።

ጭሱ ደንግጦ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ይህ ስም የወጣለት መኪናው ገና ሲነሳ ጀምሮ ጭስ ስለሚተፋ ነው። ቀን ቀን ዳቦ ያመላልሳል፣ ሲያርፍ ሞተር ይፈታል፣ በዓመት አራት ጊዜ ከብጤዎቹ ጋር ይወዳደራል። አሁን ለቅሶ በመጣ በሦስተኛው ቀን ከሟቹ የወንድም ልጅ ጋር ሲንሾካሾክ ተያዘ።

«ምንም አይደል፣ እማማ።»

«ምንም ካልሆነ ምን ያንሾካሹክሃል?»

የወንድም ልጅየዋ ጣልቃ ገባች። «መኪናው ቁጥር የለውም፣ እትዬ። ጋሼ ነጭ ቀብቶት እንደቆመ ነው። ውድድሩ ደግሞ እሁድ ነው። እኔ በማሽኔ ስቲከር ላትምለት ብዬ ነው።»

«አትሚያ። ማን ያዘሽ?»

መኪናው ለምን ባዶውን እንደቆመ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

ባሏ ሰሌዳ ጸሐፊ ነበር። የፋርማሲ፣ የጥርስ ሐኪም፣ የጎማ ቤት፣ የሁሉንም ይጽፋል፤ ነፍሱ የሚወደው ግን የእነ ጭሱን መኪና ነው። ቁጥር ጽፎ ሲጨርስ ከወጥ ቤት ይጠራታል። «ነይማ፣ ምሰሶው ጋ ቁሚልኝ።» ከመንገዱ ማዶ ያለው የመብራት ምሰሶ ነው። ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታው ትቆማለች። ሲያፏጭ ዞር ትላለች፤ ሲደግም መልሳ ጀርባዋን ትሰጠዋለች። ከዚያ ያየችውን በጣቷ አየር ላይ ትጽፋለች። ጀርባዋን ስለሰጠችው የጻፈችው ለእሱ ሳይገለበጥ ይታየዋል። ቁጥር ከአውቶቡስ ግንባር ላይ ለምዳለች፤ ፊደል ግን አልቆጠረችም። የነጂ ስም የሆነ እንደሆነ ቅርጹን ብቻ ትስላለች፤ እዚህ ጋ እግር፣ እዚያ ጋ ቀለበት። እሱ የጻፈችውን ያያል። አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ የለፋበትን በጨርቅ ጠራርጎ እንደገና ይጀምራል።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ቆመችለት። ከወር በፊት ግን ምሰሶው አጠገብ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ፣ ያ ምላሱ ከመቀሱ የሚቀድም፣ «ዛሬም ትምህርት ቤት ገባሽ?» ብሎ ሳቀባት። መንገዱን ተሻግራ ንዴቷን በባሏ ላይ አወረደችው።

«ፊደል አለማወቄን ለሰፈር የምታሳየው እስከ መቼ ነው? ከዛሬ ወዲያ ሌላ መሳቂያ ፈልግ።»

ባሏ ቃሉን ሁሉ ሰሌዳ ላይ የጨረሰ ሰው ነው። የጭሱን መኪና ነጭ ቀባ፤ ብሩሹን አጠበ፤ ቁጥሩን ሳይጽፍ ቀረ። ጭሱ ሲመጣ «ገና ነው» ይለዋል። በሦስተኛው ሳምንት ምሳ ላይ ማንኪያውን እንደያዘ ልቡ ቆመ።

አሁን እሷን የሚያኝካት ይኸው ነው። ቀልዶባት ነበር ወይስ አልቀለደባትም? ለቀስተኛው ሁሉ «ደግ ሰው ነበር» ይላታል። ደግነቱን ማን ጠየቃቸው፤ ሲያኮርፍ አላዩት።

በአራተኛው ቀን አንድ ረጅም ሽማግሌ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ገባ። የውድድሩ ሰዓት ያዥ ነው። ስለ ደግነት አንድም ነገር አላነሳም።

«ምሰሶው ሥር የሚቆሙት እርስዎ ነዎት?» አላት።

«ማን ነገረዎት?»

«እሱ ነዋ። እኛ ማማው ላይ ተቀምጠን ዙር የምንቆጥረው በዓይናችን ነው። ቁጥሩን ካላነበብነው ዙሩ የለም። ቀድሞ የጨረሰ ሰው ቁጥሩ በጌጥ ታፍኖ ሳንመዘግብለት ቀርተን አልቅሷል። የባለቤትዎን ቁጥር ግን አንድም ቀን ስተን አናውቅም። ምን ብታደርግ ነው ብዬ ጠየቅኩት።»

«ምን አለ?»

«‹እኔና አንተ ግማሹን አይተን ግማሹን እንገምታለን፤ መማር እንዲህ ያደርጋል› አለኝ። ‹ሚስቴ ግን ያላየችውን አየሁ አትልም። እሷ ያላሳለፈችው ከግቢዬ አይወጣም› አለኝ።»

ብርጭቆውን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት።

«ሻይዎ እየቀዘቀዘ ነው» አለችው።

ሽማግሌው ሲወጣ ያ ቀን መጣባት። ባሏ አንድ ጊዜ ብቻ ውድድር ወስዷት ነበር። መኪኖቹ ከኩርባው ሲወጡ ጆሮዋን ደፈነች። ዓይን አይከተላቸውም፤ ነፋስ ከገመድ ላይ የነጠቀው ልብስ ይመስላሉ። ቀለማቸው ተደባልቋል፣ የነጂዎቹ ፊት ጠፍቷል፣ መሬቱ ከእግሯ ሥር ይንቀጠቀጣል። በዚያ ሁሉ መሐል አንድ 7 መጣ። ምሰሶው ሥር ቆማ ሁለት ጊዜ አስጠርጋው በሦስተኛው ያሳለፈችው 7። መኪናው በረረ፤ ቁጥሩ ግን የቆመ መሰላት፣ ልክ እንደሚያውቃት ሰው ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ። አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። ባሏ አጠገቧ ነበር። መኪናውን አላየም፤ እሷን ነበር የሚያየው። ያኔ «ምን ታፈጥብኛለህ?» ብላ ተቆጥታው ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የወንድም ልጅየዋ ስቲከሩን ለጥፋ ጨረሰች። 36። ወርቃማ፣ ዘመም ያለ፣ ቀይ ጥላ ያለው። ጭሱ መኪናውን ከግቢ አውጥቶ በር ላይ አቆመው፤ ለቀስተኛውም ወጥቶ አደነቀ። ባለ ሐዘኗ ጥቁር ሻርፗን አጥብቃ ከወንበሯ ተነሳችና መንገዱን ተሻገረች።

«አእምሮዋን ነካት እንዴ?» አለች አንዷ።

«ከነካኝ ካገባሁ ጀምሮ ነው» አለች ሳትዞር። ምሰሶው ሥር ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። «አንቺ ልጅ፣ ማፏጨት ትችያለሽ?»

ልጅቷ በደረቀ ከንፈሯ ሞከረች፤ በሁለተኛው ወጣላት። እትዬዋ ዞር አለች፣ ተመለሰች፣ ጣቷን አንስታ ጻፈች። 86።

«36 ነው እኮ፣ እትዬ!»

«እኔ ያየሁትን ነው የምነግርሽ። ጥላው የሦስቱን አፍ ዘግቶታል።»

«ግን አያምርም?»

«ያምራል። ለሰርግ ካርድ አድርጊው።»

ጭሱ ራሱን ያዘ። «ዙሬን ሁሉ ለማላውቀው ሰው ልነዳለት ነበር!»

ልጅቷ ስቲከሩን ልጣ ጣለችው። ማሽኗን ተወችና የጋሼዋን ብሩሽ አመጣች። ጥቁር በነጭ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ውፍረቱ አራት ጣት፣ በሦስቱና በስድስቱ መካከል አየር የሚገባበት 36 ጻፈች። እትዬዋ ይህን ሁሉ ጊዜ ፀሐይ ላይ ቆማ ጠበቀች። ልብስ ሰፊው ወንበር አወጣላት፤ አልተቀመጠችም።

ፉጨት። ዞር አለች። ቁጥሩ መንገዱን ተሻግሮ መጣባት፤ ያ 7 እንደመጣባት። 36 ብላ ጻፈች። ጭሱ አጨበጨበና ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው እጁን ኪሱ ከተተ።

«አንድ ሌላ አለ፣ እትዬ። ቆዪ እንዳታዪ።»

ቆየች። እንደገና ተፏጨ። አሁን ከቁጥሩ በላይ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ሦስት ፊደል ነበር። አይታ ተመለሰችና ጣቷን አነሳች። ሁለት እግር፣ አንዱ አጠር ያለ። ቀጥሎ ወገቡ ላይ የታጠፈ። መጨረሻው ላይ ቀለበት።

ልብስ ሰፊው ማሽኑን አቁሞ ብድግ አለ።

«ተሳሳትኩ?»

«አልተሳሳትሽም» አለች ልጅቷ ከማዶ።

«ታዲያ ምንድን ነው የሚለው?»

«የጋሼ ስም ነው።»

የአገሩን ስም ሁሉ ሲጽፍ የኖረ ሰው የራሱን አንድ ሰሌዳ ላይ እንኳን ጽፎ አያውቅም። ፊቷን ወደ ምሰሶው እንዳደረገች ቆመች። ማንም አላፏጨም። ጣቷን አነሳችና ከመጀመሪያው እግር ጀመረች፤ በዝግታ፣ ቀለበቱ ጋ ስትደርስ በደንብ እንዲገጥም እየተጠነቀቀች።